የወለጋ ልጅ በምን ቋንቋ ማንበብ ይጀምር?

የነቀምቴ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ የለመዱበት መጽሐፍ የተዘጋጀው ከነቀምቴ እጅግ ርቆ፣ ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ በምትባል የቆላ መንደር ነው። ቦታው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ጣቢያ ነበር። መጽሐፉን ያዘጋጁት ግን ስዊድናውያኑ አይደሉም። በልጅነታቸው ተሸጠው፣ በባሕሩ ዳርቻ ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ናቸው።

ከእነሱ ቀዳሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ነበሩ። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቀው፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1870 በዚያ የፈረንሳይ ቆንሲል የነበረው ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በ1872 ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ። ከዚያ ስዊድን ሄደው ለዓመታት ተማሩ፤ በ1881 ተመልሰው በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞከሩ። በሽታና የተዘጋ መንገድ መለሳቸው። አገራቸው መግባት ሲያቅታቸው ለአገራቸው የሚገባውን መጽሐፍ መተርጎም ጀመሩ።

እዚህ ላይ የኦነሲሞስን ድካም የሚያቃልል ሳይሆን ታሪኩን የሚያሟላ አንድ ነገር አለ። ኦነሲሞስ ከቤታቸው ሲወጡ ልጅ ነበሩ፤ ቋንቋቸውን በአዋቂ ደረጃ ሳያደላድሉ ነው በዐረብኛ፣ በአማርኛና በስዊድንኛ መካከል ያደጉት። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል ሥራ ደግሞ የቃላት ሀብት ይጠይቃል። ያንን ሀብት ይዛ የመጣችው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከበኞች አግኝተው ነፃ አወጧት፤ እምኩሉም ገባች። ቋንቋውን ከኦነሲሞስ ይልቅ በቅርብ ጊዜ፣ ከሰው አፍ ሰምታ ያደገች በመሆኗ ቃሉም ተረቱም ምሳሌውም በአእምሮዋ ነበር። ከትዝታዋ አምስት መቶ ያህል ዘፈን፣ ተረት፣ እንቆቅልሽና ምሳሌያዊ አነጋገር ጻፈች። እዚያው በተዘጋጀው የቋንቋው መዝገበ ቃላትም የእሷ እጅ አለበት።

አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። በዓመቱ በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ ማለትም የማስተማር መጀመሪያ፣ የተባለው የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ከአስቴር ስብስብ ብዙው የገባው እዚህ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ሚሲዮኖች የሚያሳትሟቸው የልጆች መማሪያዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ታሪክና የስብከት ትርጉም ነበሩ። የእምኩሉው መጽሐፍ ግን ፊደሉን ለለየ ልጅ የሚያቀርብለት ቀድሞ ከእናቱ አፍ የሰማውን ተረት ነው። ዛሬ የንባብ ትምህርት አጥኚዎች አንድ ጀማሪ አንባቢ ትርጉሙን ቀድሞ በሚያውቀው ጽሑፍ ቢጀምር ጉልበቱን ሁሉ ፊደልን ከድምፅ ጋር በማዛመድ ላይ ያውላል ይላሉ። አስቴር ይህን ከየትም ጥናት አላነበበችም። ነገር ግን ልጅ ምን እንደሚያውቅ ጠይቃ ከዚያ ተነሣች፤ ለእኔ የወለጋ የቋንቋ ትምህርት ጥናት አሐዱ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ታትሞ ሲወጣ የተርጓሚነቱ ክብር ለኦነሲሞስ ብቻ ተሰጠ። የአስቴር ስም የሚገባውን ያህል መነሣት የጀመረው በቅርቡ ነው።

መጽሐፉ ከጸሐፊዎቹ ቀድሞ ወለጋ ውስጥ አስተማሪ አገኘ። ኤርትራዊው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ከዳንኤል ደበላ ጋር እ.ኤ.አ. በ1898 ምዕራብ ወለጋ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። ቄሱ በ1905 በእሳት አደጋ ሞቱ። ኦነሲሞስና አስቴር ወለጋ የገቡት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1904 ነበር፤ መቀመጫቸውን ያደረጉትም ነቀምቴ ነው። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደህና ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆነች።

በሕዝቡ ቋንቋ መስበክ ግን ወዲያው ጠብ አመጣ። የኦርቶዶክስ ቀሳውስት ኦነሲሞስን ከሰሷቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 አዲስ አበባ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ዳግማዊ ምኒልክ ኦነሲሞስ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው። ይህ ክልከላ እስከ ልጅ ኢያሱ ዘመን፣ እስከ 1916 ድረስ ቆየ። በነዚያ ዐሥር ዓመታት መድረኩ ሲዘጋ መማሪያ ክፍሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። ልጆች ማንበብ ተማሩ፤ ያነበቡትንም ቤታቸው ወስደው ለቤተሰባቸው አነበቡ። ኦነሲሞስ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ አረፉ።

በነዚህ ዓመታት ሌሎቹም የወለጋ ከተሞች ትምህርት ቤት እያገኙ ነበር። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ ገቡ፤ በሕክምና የጀመረው ሥራ ኋላ ቤቴል ለሚባለው ትምህርት ቤት መሠረት ሆነ። ጀርመኖቹ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን አይራ ላይ ተተከሉ። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ መስመር የቄስ ትምህርት ቤቱ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቱና የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ቆሙ። በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ አንዱ ልጅ በግእዝ ዳዊት ሲደግም፣ ሌላው በዐረብኛ ይቀራል፣ ሦስተኛው የሚነጋገርበትን ቋንቋ በፊደል ያነባል።

የኢጣልያ ወረራ ለቋንቋው ጉዳይ ሌላ ጣጣ አመጣ። ፋሽስቶቹ በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ አገሪቱን በብሔር ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ ግዛት የትምህርት ቋንቋ ሲመድቡ ለምዕራቡና ለደቡብ ምዕራቡ አፋን ኦሮሞንም አስገቡ። ዓላማቸው ልጅ ማስተማር አልነበረም፤ መከፋፈል ነበር። ከነጻነት በኋላ የተመለሰው መንግሥት በአገር ቋንቋ ማስተማርን በጥርጣሬ ካየበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል። ወራሪ የነካው ሐሳብ ሁሉ የወራሪ ሐሳብ ሆኖ ተቆጠረ፤ ኦነሲሞስና አስቴር ግን ይህን የጀመሩት ከሙሶሊኒ ግማሽ ምእተ ዓመት ቀድመው ነው።

በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ጉዳዩን ቆረጠው። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናውያንም አማርኛ እንዲማሩ አዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ ለጀማሪዎች መሸጋገሪያ ያህል ብቻ ተፈቀደ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ መሆኑ ተጻፈ። ለነቀምቴ ልጅ ይህ ማለት ትምህርት ቤት የገባ ዕለት የሚማረው ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ፊደሉንና ፊደሉ የሚናገርበትን ቋንቋ። ጎበዙ ሁለቱንም ይወጣዋል። ከወለጋ እንዲህ የወጡ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራንና ደራሲዎች ብዙ ናቸው፤ አማርኛውንም እንደ ባለቤቱ ይጽፉታል። ነገር ግን ታሪክ የሚቆጥረው የተሻገሩትን ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ የወደቁት ልጆች ማስታወሻ አልጻፉም።

በጥር 1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1936ቱ ድንጋጌ ጥላ ሥር ሆና እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራች ድምፅ የተባለውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረች። ወለጋ ከዋና ሜዳዎቹ አንዱ ነበር። ጥቂት ክፍል የተማረ የመንደር ወጣት ጎረቤቶቹን ያስተምራል፤ ቋንቋው አማርኛ ነው። ማርጋሬታና ሮልፍ ሾስትሮም የተባሉ ስዊድናውያን ይህን ዘመቻ አጥንተው በ1983 በኡፕሳላ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ «ልማት እንዴት ይጻፋል?» የሚል ጥያቄ ነው። በአገራችን የንባብ ትምህርት ላይ ከተደረጉ ቀደምት ጠለቅ ያሉ ጥናቶች አንዱ ነው፤ በአገር ውስጥ ግን አንባቢ ያገኘ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን ስለ አፋን ኦሮሞ የሚደረገው ጥናት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የቃኘ ቡድን ተሰማራ፤ ውጤቱ በ1976 «ቋንቋ በኢትዮጵያ» በሚል መጽሐፍ ወጣ። የቺካጎው የቋንቋ ሊቅ ጂን ግራግ ደግሞ የወለጋን አፋን ኦሮሞ ለይተው አጠኑ፤ የሰዋስው ጥናታቸው በ1976፣ መዝገበ ቃላታቸው በ1982 ታተመ። ከአርጆ የወጣው ኃይሌ ፊዳ አውሮፓ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 የአፋን ኦሮሞን ሰዋስው በላቲን ፊደል አዘጋጀ። ኃይሌን ብዙው አንባቢ የሚያውቀው መኢሶን በተባለው የፖለቲካ ድርጅት መሪነቱና በደርግ እጅ በመሞቱ ነው። የቋንቋ ሰውነቱን ፖለቲካው ዋጠው።

ኃይሌና ሌሎች ለምን የግእዙን ፊደል እንዳልመረጡ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል እንጂ ፊደሉ አይነግረውም፤ ጥብቀትን የምንጽፍበት ምልክት የለንም። አፋን ኦሮሞ ይህ ችግር በእጥፍ አለበት። በፊደል «በዳ» ቢባል፣ ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ነው። በዚህ ላይ ቋንቋው አምስት አጭርና አምስት ረጅም፣ በጠቅላላው ዐሥር አናባቢ አለው፤ ፊደሉ ሰባት። ኦነሲሞስ ያላቸውን ይዘው በሚገባ ሠርተውበታል፤ ለአፋን ኦሮሞ ልዩ ድምፅ የምትሆነው «ዸ»ም በመጽሐፋቸው ውስጥ አለች። ቋንቋውን ለሚያውቅ አዋቂ በፊደል ማንበብ አያስቸግርም። የላቲን ወገኖች ክርክር ግን ስለ ጀማሪው ነበር። ፊደሉ ሊሻሻል ይችል ነበር የሚሉ ሊቃውንትም ነበሩ፤ ክርክራቸው ውድቅ የሚደረግ አይደለም።

አብዮቱ መጣ። ደርግ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አወጀ፤ አፋን ኦሮሞ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ ቋንቋዎቹም ኋላ ዐሥራ አምስት ደረሱ። ሁሉም የሚጻፉት በፊደል ነው። ነቀምቴ ገጠር ያሉ አዛውንቶች፣ ልጆቻቸው በአማርኛ የሚማሩት ወላጆች፣ ማታ በገዛ ቋንቋቸው «ሀሁ» ቆጠሩ። ልጁ ቀን በአማርኛ፣ አባቱ ማታ በአፋን ኦሮሞ፤ መደበኛው ትምህርት ቤት አልተነካምና። ዘመቻው በታወጀ በሃያኛው ቀን፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የቦጂው ተወላጅ፣ ነቀምቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። ሰው ሁሉ በቋንቋው እንዲያነብ የሚያውጅ መንግሥት፣ በዚያው ቋንቋ ሲሰብኩና ሲጽፉ የኖሩትን ሰው ገደለ። በአንድ ወር ውስጥ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ነገሮች አብሮ ማንበብ ይከብዳል፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ነው።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ከሺህ በላይ የኦሮሞ ምሁራንና ታዋቂ ሰዎች አዲስ አበባ በፓርላማው አዳራሽ ተሰብስበው ቁቤን፣ ማለትም የላቲኑን ፊደል፣ መረጡ። ጥላሁን ጋምታ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቶቹን ዘርዝረዋል፤ ከላይ ያልኩት የጥብቀትና የአናባቢ ጉዳይ ከዋናዎቹ ነው። የሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ኦሮሚያም እስከ ስምንተኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት በአፋን ኦሮሞ አደረገች።

ውሳኔው በአዳራሽ ተወሰነ፤ ሸክሙ የወረደው መምህሩ ላይ ነው። በነቀምቴና በደምቢ ዶሎ በአማርኛ ተምረው፣ በአማርኛ ሠልጥነው፣ በአማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች በአጭር ኮርስ አዲስ ፊደል ለምደው ክፍል ገቡ። አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው፤ ግን ሰሌዳ ላይ ጽፈውበት አያውቁም። ለሒሳቡ፣ ለፊዚክሱ፣ ለሕይወት ሳይንሱ የሚሆኑ ቃላት ገና እየተፈጠሩ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር እኩል ፊደል የቆጠሩትን መምህራን ማንም አላመሰገናቸውም። በእኔ ግምት ቁቤን ያቆመው የፓርላማው አዳራሽ ስብሰባ ሳይሆን የእነሱ የማታ ጥናት ነው።

ልጁ ላይም ያልታሰበ ነገር ደረሰ። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥ ሕፃኑ በአንድ ቀን አንዱን ፊደል በሁለት ድምፅ ያነባል። በቁቤ ጭ የሚለው ፊደል በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ክ ወይም ስ ይሆናል፤ ጥ የሚለው ደግሞ ክስ። የቁቤ ደጋፊዎች ሁለቱ መመሳሰላቸውን እንደ ጥቅም ሲቆጥሩት ነበር። ጥቅም አለው፤ ግን መምህሩ ልዩነቱን ለይቶ ካላስተማረ ሁለቱም ይደባለቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ ሰፊ ጥናት አስጠና። ያጠኑት ደቡብ አፍሪካዊቷ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኰንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ ናቸው። ያገኙት ግልጽ ነበር፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሳይንስና በሒሳብ፣ መሐል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የበለጠ ውጤት ያመጣሉ። ኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከሚያስተምሩት ክልሎች አንዷ ነበረች። በሌሎች ክልሎች እንግሊዝኛን ቀድሞ ማስገባት እንደ እድገት ይታይ በነበረበት ሰዓት ይህ ጥናት ተቃራኒውን በቁጥር አሳየ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ወደሚሰጥበት ዘጠነኛ ክፍል ግን ድልድይ አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ተተከለላቸው፤ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በፈጣን እንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። በሰኔ ባዮሎጂን በአፋን ኦሮሞ የተፈተነ የነቀምቴ ተማሪ በመስከረም ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። ቴሌቪዥን ጥያቄ አይቀበልም፤ ጠይቆ ሰከንዶች ቆጥሮ ያልፋል። መምህሩ ጎን ቆሞ የቀረችውን ደቂቃ ይሻማ ነበር። ስምንት ዓመት በጥንቃቄ የተገነባው ነገር በአንድ ክረምት የተናደባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ያሉትን ይቅርታ ማድረግ ይቸግረኛል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሲከፈት የተቀበላቸው ተማሪዎች ከዚህ ክፍል የወጡት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሌላ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። በስድስት ቋንቋዎች፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ተጠርተው አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ኦሮሚያን ጨምሮ በብዙ ቦታ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከጽሑፉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው፤ ፊደሉ ተመርጦላቸዋል፤ ፖሊሲው አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። አንዳንዱ ይህን ለአፍ መፍቻ ቋንቋ መቃወሚያ አደረገው። ትክክል አይደለም። የተገለጠው ቋንቋው ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ለአንድ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ ልጅ፣ ለአንድ መምህር የተጨናነቀ ክፍል፣ በብዙ ቤት ደግሞ የሚነበብ ምንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የንባብ መጻሕፍቱ እንደገና ተዘጋጁ። በ2009 ዓ.ም. ታዲያ የአንደኛ ክፍሉ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ፊደላቱን ከተለመደው ቅደም ተከተል ይልቅ በሌላ ቅደም ተከተል ሲያስተምር አገር ተናወጠ። አዘጋጆቹ ቶሎ ቶሎ የሚገጥሙት ፊደላት ይቅደሙ፤ ልጁ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃል ይመሥርት ነው ያሉት። ሕዝቡ የሰማው ግን ቁቤ ተነካ ማለትን ነው። ቁቤን ለማግኘት የተከፈለውን ያወቀ ሰው ቁጣውን ይረዳዋል። እኔም ቁጣውን እረዳዋለሁ፤ ሐሳቡ ግን ለልጁ ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ ከወላጅና ከመምህር ጋር ሳይመከርበት ታትሞ መበተኑ ላይ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በተከፈተው የትጥቅ ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መምህራን ተሰደዱ፤ ነቀምቴም ከየወረዳው የተፈናቀሉትን ተቀበለች። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ማስተማር ላይ የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አሉት። የሚጠኑት ግን መድረስ የሚቻልባቸው፣ በብዛት ከተማና መንገድ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የንባብ ምዘና ደግሞ ክፍል ውስጥ የተገኘውን ልጅ ብቻ ይመዝናል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየው፣ ዛሬ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ከብት የሚጠብቀው ልጅ በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር ተቀምጦ የሕፃን ተረት አያነብም። ለእሱ ዕድሜ የሚሆን፣ በሚያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ከመጀመሪያው ፊደል የሚነሣ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ የሚያዘጋጀውም ሰው ዛሬውኑ ከየመጠለያው ልጆቹን እየሰማ ቢጀምር ለመክፈቻው ዕለት ይደርሳል።